በብሩሽ የጠረግኩት በረዶ

ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር የሠራሁበት ቤት ጌታ፣ ባባ የምላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ለባቡር ሰጥተው ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ፣ ከጣቴ ብዙም የማይወፍር ባቡር። የሚቆምበት ጣቢያ ግን ጉድ ነው። ተራራ መሀል አንዲት የእንጨት ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ባንዲራ የያዘ አንድ ሠራተኛ። ባባ በጉብዝናቸው ጃፓን ሄደው እንዲህ ያለ የገጠር ጣቢያ ላይ ግማሽ ቀን ባቡር ሲጠብቁ ውለዋል። ያቺን ግማሽ ቀን ለመሥራት ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

"ብዙ ሰው ይወርዳል እዚህ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ማንም አይወርድም። ማንም አይሳፈርም።"

"ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል?"

"ባቡሩ ሲመጣ እጅ ይነሳል።"

ቀናሁ። እኛ ዘንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ ኢቃማ የሚጠይቅበት ሰሞን ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ከመንገድ እየታፈሰ ተርሒል፣ ተባራሪ የሚታጎርበት እስር ቤት፣ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አገር ይሸኛል። የእኔ ኢቃማ ጥዬው በወጣሁት በድሮው ከፊል፣ በአስመጪው አሠሪዬ፣ ስም ነው። ባባ እሑድ ቢሮ ሄደው ወደ ስማቸው ሊያዞሩልኝ ቃል ገብተዋል። እስከዚያ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ አልወጣም፤ ደወል ሲደወል የሩዝ ጆንያ ጀርባ እገባለሁ። ልጄ እህቴ ጋ ሆና ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እኔ ከተባረርኩ ትምህርቷ እዚያው ላይ ያበቃል።

ባባ የባቡሩን ክፍል ለወራት ቆልፈው ብቻቸውን ሲሠሩበት ከርመዋል። ሐሙስ ዕለት ቤተሰቡ ለሠርግ ከከተማ ወጣ። ባባ በሩ ላይ ዞር ብለው የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ "ጣቢያዬን አቧራ እንዳይነካት፣ አደራ" አሉ።

ዓርብ አሸዋው ተነሳ። መስኮት ቢዘጋም የሪያድ አቧራ ግድግዳ አልፎ ይገባል። ክፍሉን ብከፍተው ጣሪያው፣ ዛፉ፣ ተራራው ነጭ ሆኗል። ነጭ አቧራ አይቼ አላውቅም። ግን ይህች ከተማ የማታመጣው የለም ብዬ ሥራ ጀመርኩ። ጣሪያውን በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ፋቅኩ። ዛፎቹን ነቃቅዬ በቧንቧ ውሃ አጠብኩ። ተራራውን በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ሳብኩት። ስጨርስ ኮርቼ ራውዳ ሰፈር ለምትሠራ ያገሬ ልጅ ደወልኩ።

"ነጭ ነበር አልሽኝ?" አለች።

"እንደ ዱቄት።"

"እህቴ፣ በረዶ ነው እኮ። እነሱ አገር እንዲህ ይጥላል።"

"በረዶ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል እንዴ? እኛ ጋ በስቶት ነው የሚገባው።"

"ያላ፣ ሻንጣሽን አሰናጂ። የሰውዬውን ክረምት ጠርገሽ ጣልሽው።"

ወጥ ቤት ሮጬ ዱቄት በወንፊት ነሰነስኩበት። ጣቢያው ወፍጮ ቤት መሰለ። ባለ ባንዲራው ሰውዬም ባለ ወፍጮ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ተመለሱ። ባባ ጎንበስ ብለው አዩ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

"ዱቄት?"

"ዱቄት ነው ባባ።"

"በረዶዬስ?"

"መጥረጊያው ሆድ ውስጥ ነው።"

"ዛፎቹስ?"

"ታጥበዋል።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ በሐሳቤ አውሮፕላን ተሳፍሬ ወርጃለሁ፤ ልጄ ዩኒፎርሟን አውልቃለች።

"ነገ ቢሮ አልሄድም" አሉ። "አሞኛል።" ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ተራራው ቀሰሩ። "አንቺ ግን ይሄን በረዶ በእጅሽ አንድ በአንድ ሳትመልሺ ከዚህ አገር ንቅንቅ አትዪም።"

ሰው ሲቆጣኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

በሳምንቱ ወረቀቱን አዞሩልኝ፤ በረዶውን የሚመልስ ሌላ ሰው ከየት ያመጣሉ? ሙጫና ወረንጦ ሰጡኝ። ዘወትር ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ውጭው እንደ ምድጃ እየነደደ፣ እኔ የጃፓን ተራራ ላይ በረዶ እጥላለሁ። ወረቀቴ ከተስተካከለ በኋላም ደወል ሲደወል ወረንጦው ከእጄ ይወድቃል።

"ቶሎ በይ እንጂ" ይላሉ ባባ።

"በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚጥለው ባባ" እላለሁ፣ አይቼው የማላውቀውን።

አንድ ጣሪያ አንድ ዓመት ወሰደብኝ። ዛፎቹ ሌላ ዓመት፣ ተራራው ደግሞ ሌላ ዓመት። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ የቀረኝ አግዳሚው ወንበር ብቻ ነበር።