ጠበል የተረጨው ሃርድ ዲስክ

ከመንዝ፣ ከትንሿ ከተማችን ከዘመሮ ልወጣ የተነሳሁ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ እማዬ የተዘጋ ሻንጣዬን ደጋግማ ፈታችው። አንዴ በሶ ጨመረች፣ አንዴ ለብርዱ የበግ ጠጉር ባና ልትጨምር ፈታችው፣ በኋላ ደግሞ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አግኝታ አወጣችና፣

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ።

ሃርድ ዲስኬ ናት። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፣ እኔ ዘመሮ ላይ ቪዲዮ ቀራጭ ነበርኩ። ከቀየት እስከ ዓለም ከተማ በአውቶቡስ እየተንገጫገጭኩ ያልቀረጽኩት ሠርግ የለም። ያ ሁሉ ሆታና ጭፈራ ታጭቆ ያለው መዳፍ በማታክል ዕቃ ውስጥ ነው።

«የሰው ሠርግ ነው ያለባት» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት! የስንቱን ትዳር ይዘህ ነው የምትሄደው? እሷም እንግዲህ መንገደኛ ናት» ብላ የጠበሉን ጠርሙስ አነሳች። እኔንም፣ ሻንጣውንም፣ ሃርድ ዲስኳንም በደንብ አድርጋ ረጨችን። ኤሌክትሪክ ነገር ውሃ እንደማይወድ አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ግን ልጇ ሊሰደድባት የተነሳ እናት እጅ ይያዛል? እርጥቧን በባና ጠቅልላ በሶው ሥር ወሸቀቻት።

ጀርመን ስገባ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በሶውን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ገብስ ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ።»

«ለምን?»

እስቲ አሁን ገብስ ለምን ይባላል? «ሲርበኝ ልበጠብጠው» አልኩት። ባናውን ፈታው። «ይሄስ?» «ሠርግ ነው።» «የማን ሠርግ?» «የሁሉም ሰው።» አተኩሮ አየኝና ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም ቢያገላብጡ ምንም አላገኙ፣ ለቀቁኝ።

ባለቤቴ ቀድማኝ መጥታ የተከራየቻት ቤት ፎቅ ላይ ናት። ብርዱን የእኛ ደጋ አስተምሮኛልና አልፈራሁትም፤ የከበደኝ ሰላምታው ነው። እዚህ ጎረቤትህን ደረጃ ላይ አግኝተህ ከብቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብትለው ፖሊስ ይጠራብሃል። «ሃሎ» ትላለህ፣ «ሃሎ» ይልሃል፣ አለቀ። ሥራ፣ ቋንቋ፣ «ቴርሚን» የሚሉት ቀጠሮ፣ በላይ በላዩ መጣና ሃርድ ዲስኳን ከነባናዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ረሳኋት።

ያስታወሱኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ልጃቸው ግርማ አብሮ አደጌ ነው፤ ሠርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። አንድ እሑድ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የሠርጉን ሲዲ ጎረቤት ተውሶ ቧጭሮ መለሰልኝ። ፎቶማ አለኝ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ግን ፎቶ አይናገርም። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። ሲናገር ልስማው፣ አደራህን።»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ጋ አለ! ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። አፌ ይቆረጥ!

ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካት ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ነቅዬ ሰካሁ፣ ያው ናት። የምትነቃ መስሎኝ እንደ ድሮ ሬዲዮናችን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረግኳት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ከታች የምትኖረው አከራያችን ናት።

«ዛሬ እሑድ ነው። እሑድ ምስማር መምታት ክልክል ነው።»

«ምስማር አይደለም እመቤቴ፣ ሠርግ ላስነሳ እየሞከርኩ ነው።»

«ሠርግም ከሆነ አስቀድሞ ይነገረኛል» ብላኝ ወረደች። ሰንበት ማክበራቸው ከመንዝ አይተናነስም፣ ቅዳሴው ነው የጎደለው።

በማግስቱ ናቢል ወደሚባል ሶሪያዊ ዘንድ ሄድኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ሃርድ ዲስኳን ሰክቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ለአፍታ አዳመጠና ቶሎ ነቀላት።

«ስንቴ ሰክተሃታል?»

«ኧረ ብዙ ጊዜ። መታ መታም አድርጌያታለሁ።»

«ሁለተኛ እንዳትነካት! የታመመ ሰው ሩጥ ይባላል?»

ሽፋኗን ከፍቶ አረንጓዴዋን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ፈታና ወደ መብራቱ አቀረባት። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ቢጫ ዝገት ይዟታል።

«ውሃ ነክቷታል።»

«ጠበል ነው» አልኩት።

«ጠበል ምንድን ነው?»

«የተባረከ ውሃ። እናቴ ለመንገድ ረጭታት ነው።»

ናቢል ሙስሊም ነው። መፍቻውን አስቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። «ታዲያ ይቺ ክርስትና ተነስታለች በለኛ!»

አሁን ጉዱን ስሙኝ። ይሄ ሰውዬ ያመጣል ብዬ የጠበቅኩት አንዳች የረቀቀ መሣሪያ ነበር፤ ያወጣው የተማሪ ላጲስ ነው! ዝገቱን በላጲስ ቀስ አድርጎ ፈገፈገ፣ ጠረገ፣ መልሶ አሰራት። ሲሰካት መጮኋን ትታ መሽከርከር ጀመረች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «ቆይ፣ ቆስላለች» አለኝ። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጣለን፣ እምቢ ያለውን ዘለን እናልፋለን፣ ዞረን ደግሞ እየለመንን እንመለስበታለን አለ። ኮምፒውተሩ የተረፈውን በአረንጓዴ፣ የሞተውን በቀይ ያሳያል፤ ውርጭ መትቶት ያለፈ የገብስ ማሳ ነው የሚመስለው። የሌላው ሠርግ ይቅርብኝ፣ የግርማን ብቻ አውጣልኝ እያልኩ ቀዩ ላይ አፈጠጥኩ። ቀዩ የማንን ሠርግ እንደበላ በምን ይታወቃል? ናቢልን በጥያቄ አደረቅኩት። ሻይ ሰጥቶ አስቀመጠኝ፣ ማታ ሱቁን ሲዘጋ አባረረኝ። ከሥራ ስወጣ ግን ተመልሼ እሱ ዘንድ ነኝ።

በመጨረሻ የግርማ ሠርግ ተገኘ። ጭፈራው የለም፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የለም። የተረፈው ግርማ ሙሽሪትን ይዞ ሊወጣ ሲል የእናቱን ጉልበት የሚስምበት ነው። ምስሉ ተቆራርጦ ካሬ ካሬ ብቻ ሆኗል። ድምፁ ግን ጥርት ብሏል። ሰማሁት። ይሄን ለእናት ይልኩታል? ናቢል ምን ተባለ ቢለኝ «ምርቃት ነው» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ።

«ተገኘ?» አሉ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

«ተገኝቷል እትዬ። ምስሉ ተበላሽቷል፤ ድምፅ ብቻ ነው። ጉልበትዎን ስሞ፣ እርስዎ ሲመርቁት…»

ከኋላቸው በግ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ቅበረኝ ብዬዋለሁ፣ አይደለም?»

«አዎ እትዬ። ወልደህ ሳም፣ ቤትህ ይሙላ፣ እኔን አንተ ቅበረኝ ብለውታል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አሜን አለ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እየሳቀ» አልኳቸው።

«እሱ እንደሆነ ለሠርጉም ቀን ቁም ነገር አላወቀ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነባቸው። እኔም እዚህ ሆኜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ።

«በል ላከው» አሉኝ ኋላ፣ አፍንጫቸውን ጠርገው። «እኔ ያልኩትን አውቀዋለሁ። እሱን ልስማው።»