በኛ አቆጣጠር

የመድኃኒት ባለሙያዋ ማናልበሽ ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ነው ያ ሙከራ የመጣው። አንድ የመድኃኒት ካርቶን ከሮቤ መጋዘን ተነሥቶ ጎሮ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ የሁለቱ ቦታ ኮምፒውተሮች ስለ ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ እንደሆነ ለማየት ነው። የኮምፒውተሮቹን ሥርዓቶች የሠሯቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሥርዓቶቹም እስከዚያን ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ፒካፑ የሲናናን የስንዴ ማሳ ሲያልፍ ከአዲስ አበባ የመጣችው የኮምፒውተር ባለሙያ ሀይማኖት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ድሮ መድኃኒቱ የት እንደደረሰ በምን ታውቁ ነበር?»

«ሾፌሩን ነዋ የምንጠይቀው።»

«ሾፌሩ ካላወቀስ?»

«ሚስቱን።»

ሀይማኖት ሳቋን ለቀቀችው። ማናልበሽም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ልቧ ወደ ጎባ፣ ሥራ ወደጀመረችበት ዘመን ሄደ። ከጎጃም የመጣች ልጅ እግር ነበረች፤ ኦሮምኛዋ ከሰላምታው «አከም» እና ከምስጋናው «ገለቶሚ» አያልፍም። በ1988 ዓ.ም. አባ ሙህዲን የሚባሉ ሽማግሌ የዓይን ቅባት ይዘው መስኮቷ ላይ ቆሙ።

«ሚስቴን ምነው አላሻላት አለ? ይኸው 1995 ይላል፤ ገና ሰባት ዓመት አለው።»

1995ቱ የፈረንጅ ነው፤ ቅባቱ ጊዜው ካለፈ ከርሟል። በእጇም በአፏም ብላ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ቲዩቡን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ለእኛ የተላከ ከሆነ ታዲያ ለምን በእኛ አልጻፉትም?» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእጇ የሚወጣ መድኃኒት ሁሉ ላይ ማብቂያውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ለልምምድ የሚመጡትንም ሁሉ፣ ከሃረና እስከ ጎሮ የተበተኑትን፣ እንዲሁ አስተማረች። የጎሮው ከማለዲን አንዱ ነው።

ጎሮ ሲደርሱ ገበያው ደርቷል። ከማለዲን «አዴ ማናልበሽ!» እያለ ከመድኃኒት ክፍሉ ወጥቶ ትከሻዋን ሳማት። በፒካፑ ያመጡትን ካርቶን ኮድ በመሣሪያው ቢያነቡት በጎሮውም በሮቤውም ሥርዓት አረንጓዴ በራ። ሀይማኖት አጨበጨበች።

ይህን ጊዜ ነው ጁሀራ የመጣችው። ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ኪኒኑ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«አከም ጅርቱ? ቶሎ በሉኝ፣ ልጁን ለጎረቤት ትቼው ነው።»

የልጁ ኪኒን ኮድ ከሌለው ከቆየው ክምችት ነው፤ ከማለዲን ሰሞኑን አንድ በአንድ በእጁ መዝግቦታል። ቁጥሩን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ቀይ ሆነ። «ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት። ለታካሚ አይሰጥ።»

«ስድስት ዓመት?» አለች ጁሀራ። «እስከ ዛሬ ስትሰጠኝ የነበረው ምንድን ነው ታዲያ፣ ከማለዲን?»

ማናልበሽ ፓኮውን አነሣች። ፋብሪካው ያተመው 04/2027 ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ደግሞ 08/2019፤ ሚያዝያ 2019፣ በኛ። ልክ እሷ እንዳስተማረችው። ዛሬ ከጎሮው ጋር የተገናኘው የሮቤው ሥርዓት ግን የፈረንጅ ነሐሴ አድርጎ አንብቦታል። አባ ሙህዲን የተሳሳቱት ስሕተት ተገልብጦ፣ በማሽን በኩል መጣ።

«ማስተካከል ይቻላል» አለች ሀይማኖት፤ «ግን ምክንያቱና የስሕተቱ ባለቤት ካልተጻፈ አይከፈትም።»

«የኔ ነው፤ ጻፊ» አለ ከማለዲን ቶሎ ብሎ። ወደ ማናልበሽ አላየም።

ማናልበሽ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ስሟ ኮምፒውተር ላይ የሚሰፍረው በዚህ ሊሆን ነው? ደግሞ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጁሀራ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች፤ ልጁ ጎረቤት ቤት ነው።

«ተይው የሱን» አለች። «ማናልበሽ ብለሽ ጻፊ። እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩት፤ እሱን ብቻም አይደለም፣ ሃረና ብትሄጂም እንዲሁ ነው የምታገኚው።»

የሀይማኖት ጣቶች ቆሙ። «ሁሉም ጤና ጣቢያ?»

«የኔ ልጆች ያሉበት ሁሉ።»

«እንግዲያው ዛሬ ባናየው ኖሮ በየጤና ጣቢያው ደህናው መድኃኒት ሁሉ ይታገድ ነበር።» ከፓኮው ጋር አስተያይታ ቀኑን አረመች፣ ጻፈች፤ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው መጣ። ማናልበሽ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፦ «ሥርዓቱ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይጠይቅም። ያመለከቱት፦ ወይዘሮ ማናልበሽ።»

«ስሕተቱ የኔ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሰማሁ፣ እትዬ።»

ከማለዲን ኪኒኑን ቆጥሮ በወረቀት ከረጢት አደረገና እስክሪብቶውን እንዳነሣ በአየር ላይ ያዘው። ማናልበሽን ተመለከታት።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፓኮው። ለእሷ በኛ ጻፍላት።»

«ሚያዝያ 2019» ብሎ ጻፈላት። ጁሀራ አነበበችውና፣ «ኸረ ይኼማ ገና ነው!» ብላ ከረጢቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በገበያው መሐል እየተሹለከለከች ወደ ቤቷ ገሰገሰች።