ከፎቶው የወጡት እናት

ደጀን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ባለ መጋዘን ካርቶን ይጭናል፤ ቅዳሜ ግን የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። የኮሎምበስ ሐበሻ የሚያውቀው ደግሞ በአንድ ፎቶው ነበር። በዚያ ፎቶ ሙሽራዋ ፈገግ ብላለች፤ ከራሷ በላይ የአዳራሹ በር ላይ ያለው “ኤግዚት” የሚል ቀይ መብራት እንደ ዘውድ ተቀምጧል። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ። “ገና ሳትገባ ውጪ አላት” ብለው ሳቁበት። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ያሉም ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው።

“ደጀን ኤግዚት” ተብሎ ቀረ። ሰውየው ኩሩ ነው፤ ቀልዱን አብሮ እየሳቀ ዋጠው እንጂ ውስጡ ቆስሏል። በ2020 ኮሮና ሠርጉን ሁሉ ሲያስቀር፣ ሌላው ዳቦ መጋገር ሲለማመድ እሱ ዩቲዩብ ላይ ተተክሎ ከረመ። ስለ ብርሃን ተማረ፣ ስለ ሌንስ ተማረ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ አስተማሪ ያለው ነገር ልቡ ውስጥ ቀረ፦ ከማንሳትህ በፊት ዓይን የሚያውክ ነገር ሁሉ ከፊትህ አስወግድ። ይህቺን እንደ ዳዊት ደገማት። የገዛ ሶፋውን ፎቶ ለማንሳት እንኳ ሪሞቱን ያርቃል፣ የቻርጀሩን ገመድ ይሰበስባል።

በ2021 ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ፣ አንድርያስ ቃልኪዳንን ሲያገባ ፎቶውን ለደጀን ሰጠው። “ጋሼ ደጀን፣ ያቺን ኤግዚት እንዳትደግማት፣ አደራ!” አለው እየሳቀ። ደጀን አልሳቀም።

የአንድርያስ እናት፣ እማማ እናናዬ፣ ያሉት አሰላ ነው። ኤምባሲው ቪዛ ቀርቶ ቀጠሮም አልሰጣቸውም። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበታልና ልጁ ያለ እናቴ ምርቃት ከቤት አልወጣም አለ። ስለዚህ በሙሽራዋ ወላጆች ሳሎን ሦስት ወንበር ተደረደረ። በሁለቱ የቃልኪዳን አባትና እናት ተቀመጡ፤ በሦስተኛው ላይ ትራስ ተደርጎ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ታብሌት ቆመ። እማማ እናናዬ ከአሰላ በቪዲዮ ተደውሎላቸው፣ በታብሌቱ ውስጥ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ግንባራቸውን ብቻ እያሳዩ ይጠብቃሉ። ጉልበት የሚሳመው በተራ ነው፤ መጀመሪያ የሷ ወላጆች፣ ከዚያ የሱ እናት።

ደጀን በካሜራው ሲያይ የታብሌቱ መስታወት የመስኮቱን ፀሐይ እየመለሰ ፎቶውን ሊያበላሽበት ነው። ቀዩ መብራት ትዝ አለው። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹ የሚመጡበትን በር ሲያይ እሱ ታብሌቱን ብድግ አድርጎ ከሶፋው ጀርባ አስደገፈው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው። ተራቸው ሲደርስ እመልሳቸዋለሁ ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም። አስቦበትም አልነበረም።

ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። እልልታው ቤቱን ሞላው። ደጀንም በዕድሜው አንስቶ የማያውቀውን ፎቶ አነሳ፦ ብርሃኑ ከጎን፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ፣ የአባቷ እጅ በራሷ ላይ። አሁንም አነሳ፣ አሁንም። ደስታው ሁሉን አስረሳው። እልልታው ጋብ ሲል ከሶፋው ኋላ ድምፅ ተሰማ።

“...የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ። አትታዩኝም እኮ ልጆቼ፣ ጨለማ ነው። ግዴለም፣ ተንበርክካችሁ ይሆናል ብዬ ነው የምመርቀው።”

“ማነው እዚያ የወሸቃቸው?” ብላ ጮኸች የሙሽራዋ እኅት ንግሥት። መልስም ሳትጠብቅ የሰባት ዓመት ልጇን ሀኒን በጆሮዋ ያዘቻት፤ ጠዋት ታብሌቱን ስትነካካ አይታታለች። ልጅቷ እያለቀሰች ደጀንን ቀና ብላ አየችው። ደጀን ዓይኑን ካሜራው ውስጥ ደበቀ። አንድርያስ ከሶፋው ኋላ ታብሌቱን ጎትቶ አውጥቶ “እማዬ!” ከማለቱ መስመሩ ተቋረጠ። ቢደውሉ፣ ቢደውሉ አልገባ አለ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃሉ። ሙሽራው ባዶውን ወንበር አይቶ ወጣ።

ያቺ ፎቶ እንደ ፊተኛዋ ከስልክ ስልክ ዞረች፤ አሁን ግን በአድናቆት። “ኤግዚት” ቀረና “ጋሼ ደጀን እጁ ይባረክ” መጣ። ባመሰገኑት ቁጥር የሀኒ ዓይን ይመጣበታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ነገ እናገራለሁ ይላል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ያመሰግነዋል።

አልበሙን ለአንድርያስ ያደረሰ ቀን እማማ እናናዬ በስልኩ ቪዲዮ መስመር ላይ ነበሩ። “እስቲ አሳዩኝ” አሉ። አንድርያስ ያቺን ፎቶ ወደ ስልኩ አስጠጋ። እማማ አተኩረው አዩት።

“እንዴት ያምራል! እንዴት ያለ ልጅ ነው ያነሳው?” አሉ። ቀጥለው፣ “እኔስ የት ጋ ነኝ?”

ደጀን ወደ ስልኩ ቀረበ።

“እማማ፣ እኔ ነኝ ያዞርኩዎት” አለ። “ፎቶዬን እንዳያበላሹብኝ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

አንድርያስ አልበሙን ከደነው፤ ፊቱን ወደ ደጀን አላዞረም። እማማ ግን መለሱ።

“እኔ ወደ ግድግዳም ቢሆን መርቄያለሁ፤ የሚሰማው ሰምቷል። ግን ያን ዕለት አንዲት ሕፃን ስታለቅስ ሰምቻለሁ። በአንተ ምክንያት ነው እንዴ የተመታችው?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?”

በቀጥታ ወደ ንግሥት ቤት ነዳ። ንግሥት በሩን ከፍታ “ግባ እንጂ ጋሼ!” ስትለው አልገባም፤ እደጃፉ ላይ እንደቆመ ነገራት። አፏን በእጇ ያዘች። ሀኒ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ ብላ ትሰማለች። ደጀን ጎንበስ አለላት።

“እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ሀኒዬ። አንቺ አይደለሽም።”

“አይ ኖው፣ አውቃለሁ” አለች ሀኒ። “አይቼሃለሁ እኮ። ለማሚ ነገርኳት። ጋሼ ደጀን እንደዚህ አያደርግም፣ አትዋሺ ብላ እንደገና ፐኒሽ አደረገችኝ።”