የእናቴ የፖም ቅቅል ለምን ይቀላል?

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ጎረቤት "ደቂቃ" ብሎ የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም፤ እንቁላል እንኳ ሰዓት ይዞ ነው የሚቀቅለው። ወጥ ቤት የሚገባውም ለዚያች እንቁላል ብቻ ነበር። የቀረው የእናቴ ግዛት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፖም ቅቅሏ። ከጓሯችን ዛፍ የወረደውን ፖም ቀቅላ በወንፊት ታሳልፈዋለች፤ ሲቀዘቅዝ በማንኪያ እንበላዋለን። ቀለሙ ሮዝ ነው። ለምን ሮዝ እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ፣ የእኛም ነገር እንዲያው ነው።

ባለፈው ወር እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ንግግሯም ጠፋ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ምግብ እምቢ አለች። ሐኪሙ መርምሮ፣ "መዋጥ ትችላለች፤ አፏን የምትዘጋው ራሷ ናት" አለን። "እስከ ሰኞ እንዲሁ ከሆነች ተመልሳ ትተኛና በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባላታለን።" ቀኑ ሐሙስ ነበር። ፈራሁ።

አባቴ ፍርሃቱን ወደ ሥራ ቀየረው። "የራሷን የፖም ቅቅል እምቢ አትልም" ብሎ መሰላል ተሸክሞ ጓሮ ወጣ። እኩል እኩል የሆኑትን ፖሞች መረጠ፣ መዘነ፣ ልጣጫቸውን አንዴም ሳይበጥስ አወረደና ጣለው። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ድስቱ ውስጥ ያገኘው ግን ጭቃ የመሰለ ቡኒ ነገር ነው። እናቴ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዓርብ ሎሚ ጨመረበት፤ ነጣ። ቀጥሎ እሳቱን ቀነሰ፤ ቢጫ ሆነ።

"ቀይ ሥር ትጨምርበት ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በልቼ አንድ ቀን ድስቱ ውስጥ አጮልቄ አላየሁም። ቅዳሜ ቀይ ሥሩን ሞከረው። ቀለሙ መጣ፣ ሽታው ግን አፈር አፈር አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እናቴ አሁንም ግድግዳዋን ታያለች።

"አባዬ፣ ለመሆኑ አንተ ቀምሰኸዋል?"

"የበሽተኛ ምግብ ማን ይቀምሳል? ልኩ ልክ ነው።"

"ታዲያ እሷን ጠይቃት።"

"በምን አፏ ትመልስልኛለች?"

"ግራ እጇ ደህና ነው፤ አንተም ዓይን አለህ።"

ነገሩ ሳይከነክነው አልቀረም። እሑድ ጠዋት ትንሿን ምድጃ ተሸክሞ አልጋዋ አጠገብ ሲያስቀምጥ አገኘሁት። እናቴን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት።

"እስካሁን በግምት ነው የሠራሁት" አላት። "አሁን አንቺ አሳዪኝ።"

መላጥ ጀመረ። እናቴ ልጣጩን በግራ እጇ ከሳህኑ አነሳችና ድስቱ ውስጥ ከተተችው። ተሳስታ መስሎት መልሶ አወጣው። እጁን መታ አደረገችና ደግማ ከተተችው።

"ከነልጣጩ?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ድስቱ ሲፈላ ልጣጩ እየገረጣ፣ ውሃው እየቀላ ሄደ። አባቴ የሰዓት መጠገኛ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ እንፋሎቱ ውስጥ አጎነበሰ። "ቀለሙ ከልጣጩ ነው የሚወጣው እኮ" አለ ቀስ ብሎ። በወንፊት አሳለፈው፤ ሮዝ ነው።

አቀዝቅዞ አንድ ማንኪያ አቀረበላት። አሁንም አፏን ዘጋች። ከዚያ ማንኪያውን ይዛ ወደ እሱ ገፋችው። ጎረሰ፤ ፊቱ በአንዴ ተጨማደደ። ለካ ከሐሙስ ጀምሮ ስኳር የሚባል ነገር ጠብ አላደረገበትም፤ ፖም ራሱ ጣፋጭ ነው ብሎ ነው። ከእናቴ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ምራቋ ትን ያላት መሰለኝ፤ እየሳቀች ነው። ከታመመች ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስኳር ጨመረ፣ ራሱ ቀመሰ፣ ደግሞ ጨመረ። ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። ዘጠኝ ማንኪያ በላች።

ሰኞ ሐኪሙ ደወለና መብላት መጀመሯን ነገርኩት፤ ቱቦው ይቅር አለ። ወሬውን ይዤ ስገባ አባቴ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"አርባ ዓመት አብሬሽ ስኖር ሌላስ ያልጠየቅኩሽ ምን አለ?" አላት።

እናቴ ትንሽ አሰበችና የአልጋውን ጠርዝ በግራ እጇ መታ መታ አደረገች፤ ቁጭ በል፣ ብዙ ነው ማለቷ ነው።