አራተኛዋ አልጋ

ልጆቹን ይዞ ከናይሮቢ ወጣ ማለት ያማረው አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው ዘመናይን ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠብቀው ያገኟትና፣ "እትዬ ዘመናይ፣ ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ባሕር ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ግን አቅሙ..." ይሏታል። አስጨርሳቸው አታውቅም።

"ሆቴል አትያዙ፤ ወጥ ቤት ያለው ጎጆ ተከራዩ" ትላለች። "ጀልባዎቹ ሲገቡ ወርዳችሁ ዓሣውን ከአጥማጁ እጅ ግዙ። ገና የተቃረበ ጊዜማ እንዳትሞክሩት፣ ያኔ ሁሉም ነገር እሳት ነው። ታክሲ ምን ያደርግላችኋል? ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ አለላችሁ፤ ልጆቹም ይወዱታል።"

ስለ ዕቃ ከተነሳማ ዓይኗ ይበራል። "ሻንጣውን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ተሸክማችሁ ደረጃውን አንዴ ውጡና ውረዱ። ምኑን ማውጣት እንዳለባችሁ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ከባዱን ጫማ ተጫሙት እንጂ አትሸከሙት። ለልጅ የራሱን ቦርሳ ስጡት፤ ያላስፈለገውን በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይተወዋል። ለየሰዉ ፎጣ አትያዙ፤ ሌሶ ያዙ።" ሌሶ የባሕሩ ዳር ሴቶች የሚያገለድሙት ባለቀለም ስስ ጨርቅ ነው። በዘመናይ ቤት ግን ፎጣም፣ አንሶላም፣ የፀሐይ መከለያም፣ ሲመለሱ ደግሞ ዕቃ መቋጠሪያም ነው።

ይህን ሁሉ የተማረችው በሥራዋ ነው። አዲስ አበባን ትታ የመጣችው አንድ የእርዳታ ድርጅት ለስድስት ወር ስለቀጠራት ነበር። ሥራዋ ከናይሮቢ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሎኪቾጊዮ፣ ከሎኪቾጊዮም ወደ ሱዳን የሚጫነውን መድኃኒትና እህል መከታተል ነው። በዚያ የምትሳፈርባቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሰውንም የዕቃውንም ክብደት ስለሚመዝኑ አንዲት ቦርሳ ይዞ መሄድ ግዴታ ነበር። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ስድስት ወር ጨመሩላት፤ ከዚያም ሌላ። እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የተከራየችው ቤት ግን ትናንት የተገባበት ይመስል ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። መጋረጃ እንኳ የሰቀለችው ጎረቤት ሲታዘባት ነው። "ነገ ኮንትራቱ ቢያልቅ ማን ይጎትተዋል?" ትል ነበር።

ምክሯን የሰሙ ሰዎች ከመንገዳቸው ሲመለሱ ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው፣ አባትየው ግመል ላይ ተቀምጦ። "ሁሉም ነገር እንዳሉት ሆነልን!" ይሏታል። እሷም ፎቶግራፉን አንድ በአንድ ታያለች፣ "እሰይ፣ እሰይ" ትላለች፣ መልሳ ትሰጣቸዋለች። የማን ልጅ መኪና እንደሚያጥወለውለው፣ የማን ባል ትራስ ካልቀየረ እንደማይተኛ ታውቃለች። ራሷ ግን ሞምባሳን ያየችው ለሥራ ወደብ ስትላክ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ስድስት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ ነሐሴ ሊገባ ሲል ነበር። ስምዖን የሚባል፣ ኢምባካሲ የአየር ጭነት መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ባለቤቱን ሚርያምንና ልጁን ትንሳኤን ይዞ ወደ ሞምባሳ በባቡር ለመሄድ አሰበ። ሳውዝ ሲ የሚባል የናይሮቢ ሰፈር ነው የሚኖሩት። እንደ ሁሉም ሰው ዘመናይን ጠየቋት።

"የባቡሩን ሁለተኛ ማዕረግ ያዙ" አለቻቸው። "ክፍሉ አራት አልጋ አለው። ብቻ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚያስተኙት፤ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚሆነው አራቱንም አልጋ ከያዘ ነው። እናንተ ሦስት ናችሁ። ወይ ስምዖን ከወንዶቹ ጋር ይሄዳል፣ ወይ የባዶውንም አልጋ ትከፍላላችሁ።"

ብዙም ሳይቆይ ሚርያም ደወለች። "እትዬ ዘመናይ፣ ለምን አብረውን አይሄዱም? ትንሳኤ እኮ በጣም ነው የምትወድዎት!"

ትንሳኤ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ገፋ አድርጋት ካልሆነ በቀር ዘመናይን ሰላም ብላት አታውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዘመናይ ስልኩን እንደያዘች ፈገግ አለች። "እስቲ ላስብበት" አለች ለወጉ ያህል። ስልኩን ሳትዘጋው ግን ዓይኗ አልጋው ሥር ወዳለችው ቦርሳዋ ሄዶ ነበር።

በቀጠሮው ምሽት ባቡር ጣቢያው ተገናኙ። ሚርያም ያን ሁሉ ምክር ሰምታ ስታበቃ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ባለጎማ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። ውስጡ ካውያ ሳይቀር ነበረበት።

"ለባሕር ካውያ ምን ይሠራል?" አለ ስምዖን እያለከለከ።

"ድንገት ሰው ቤት ብንጠራስ?"

ዘመናይ ሻንጣውን በአንድ ጎን ይዛ ከስምዖን ጋር አነሳችው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ትንሳኤ በመስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ "ባይ ናይሮቢ! ክዋሄሪ!" እያለች ጮኸች። ሚርያም ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። ዘመናይ ከቤቷ ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ ዘረጋች። ስምዖን ስለ መጋዘኑ አለቃ ቀልድ አወራ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። የክፍሉ አስተናጋጅ አልጋ ሊያነጥፍ ገብቶ "ቤተሰቡ ደህና አመሻችሁ?" ብሎ በስዋሂሊ ሲጠይቅ ከሁሉ ቀድማ የመለሰችለት ዘመናይ ናት። ላይኛው አልጋ ላይ ወጥታ ተጋደመች፤ የሦስቱን ትንፋሽ እየሰማች ብዙ ሳትቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። ብቻዋን ባልሆነችበት ክፍል ከተኛች ስንት ጊዜዋ ነው? ልታስታውሰው አልቻለችም።

ሲነጋ ቀዩን የጻቮን መሬት አዩ። ወፍራሞቹን የባኦባብ ዛፎች፣ ከዚያም ከሐዲዱ ዳር እጃቸውን የሚያውለበልቡ ልጆችን፣ በመጨረሻም ኮኮናቱን። ከሞምባሳ በስተሰሜን በማታቱ ተጉዘው ጎጆዋ ደረሱ። ሁሉም ነገር ዘመናይ እንዳለችው ነበር። ጎጆዋ ንጹሕ ናት፤ ወጥ ቤቷ ምድጃና ድስት አላት፤ ባሕሩም ከደጅ ነው። አብዱልሰላም የሚባል ሽማግሌ ግቢውን ይጠብቃል፤ ለእንግዶቹም ኮኮናት ይቆርጣል።

በማግስቱ ጠዋት ዘመናይና ትንሳኤ ከአጥማጆቹ ዓሣ ገዝተው ተመለሱ። ሚርያም ወጥ ቤት ነበረች። አብዱልሰላም በረንዳው ሥር ተቀምጦ ለልጅቷ ኮኮናት እየበሳላት፣ እንደ ሽማግሌ ወግ ያጫውታት ጀመር።

"ከአያትሽ ጋር ገበያ ወርደሽ መጣሽ?" አላት በስዋሂሊ።

"አያቴ አይደለችም" አለች ትንሳኤ።

"አክስትሽ ናት እንግዲያ።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። "ኖ! ኪታንዳ ቻ ንኔ ናት።" አብዱልሰላም ግር አለው። አራተኛዋ አልጋ ናት ማለቷ ነበር። ትንሳኤ ያልገባው መሰላትና አስረዳችው፤ ጥያቄ የመለሰች ተማሪ ይመስል ቀጥ ብላ ቆማ። አራተኛ ሰው ካልተገኘ አባቷ ሌላ ክፍል ይተኛ ነበር። እናቷም፣ ዘመናይን እንጥራት፣ ሰው የላትም፣ እምቢ አትልም አለች። እና መጣች።

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

አብዱልሰላም ዓይኑን ወደ ኮኮናቱ መለሰ። ዘመናይ ዓሣውን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። "እውነቷን ነው" አለችው በስዋሂሊ፣ ሳቅ እያለች፤ ሳቁ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ሌሶዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ውሃው ሸሽቶ ነበር። ርቆ የሄደው ባሕር ነጭ መስመር መስሎ ይታያል፤ በመካከሉ ያለው ድንጋይና ኩሬ ነው። የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከድንጋዩ ሥር ስምንት እግሩን የባሕር አውሬ በዘንግ እየፈለጉ ነበር። ዘመናይ ዳር ዳሩን ሄደች፤ ጎጆዋ እስካትታይ ድረስ ሄደች።

እናቷ ያረፉ ጊዜ ሎኪቾጊዮ ነበረች። በተገኘው አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ናይሮቢ አድራ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አክስቷ አቅፈዋት አለቀሱ፤ ከዚያም ወደ እጇ አዩና፣ "ይቺን ብቻ ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ ልጄ?" አሉ። ክፉ ማለታቸው አልነበረም። እሷ ግን በዚያች በአንዲት ቦርሳዋ አፈረች። የሚቆይ ሰው እንዳልሆነች ቦርሳዋ ተናግራባታለች። ሠልስቱ ሲወጣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው፣ "ትንሽ ይበቃል" ባለች ቁጥር የአክስቷ ድምፅ ይሰማታል። ሆኖም መምከሯን አልተወችም። ሰዎቹ ወደ እሷ የሚመጡት ለምክሩ ነዋ! ምክሩን ብትተው ማን ይመጣል?

"እትዬ! እትዬ ዘመናይ!"

ሚርያም ነበረች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

"ይቅር ይበሉኝ። በእመቤቴ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እንዲያ ማለቴ..."

"ምን ብለሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ? ልጅቷ የዋሸችው አለ?"

ሚርያም ጫማዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"አልዋሸችም" አለች ዘመናይ። "ሚርያም፣ ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ለስንቱ ሰው መንገድ አቅንቻለሁ። የሁሉንም አልጋ ቆጥሬ አውቃለሁ። አንድም ቀን 'አንቺስ?' ያለኝ የለም። አልጋ ለመሙላትም ቢሆን የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ቅር ያለኝ..." ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ሌሶ መለሰች። "ቅር ያለኝ 'ሰው የላትም' መባሉ ነው። እኔ እንጂ ሌላው የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር።"

ሚርያም አለቀሰች። የዘመናይን ክንድ ያዘች። ከጀርባቸው ውሃው ቀስ እያለ ይመለስ ጀምሮ ስለነበር ሁለቱም ወደ ጎጆዋ አመሩ። በመንገዱ ሁሉ ሚርያም ክንዷን አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት መጥፎ አልነበሩም። ስምዖን አንገቱን ደፋ፤ ከወትሮው በላይ ሰው አክባሪ ሆነ። ይህ ዘመናይን ከልጅቷ ንግግር ይልቅ ከበዳት፤ በቀልዱ መካከል ቀና ብሎ ያያታል፤ ከዚያም ቀልዱን ያሳጥረዋል። እንደ ዱሮዋ የሆነችው ትንሳኤ ብቻ ነበረች። ምን እንዳጠፋች የነገራት የለም። ዘመናይም እንዳይነግሯት ለምና ነበር። "አንቲ፣ ከም! ሸርጣን አገኘሁ!" እያለች ትጎትታታለች፤ ዘመናይም ትከተላታለች። ከሁሉም ይልቅ የሚቀልላት ከዚህች፣ አራተኛ አልጋ ካለቻት ልጅ ጋር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሚርያም ኪሌሌሽዋ ድረስ መጣች። እጇን እያፍተለተለች፣ የስምዖን እናት ከአዲስ አበባ መምጣታቸውን፣ እሳቸውንም ከገና በኋላ ባሕር ለማሳየት ማሰባቸውን ነገረቻት። አራተኛው አልጋ ተይዟል ማለት ነው። በቃል ግን አላለችውም።

"ደግ አደረጋችሁ" አለች ዘመናይ። "ለእሳቸው ታችኛውን አልጋ ያዙ፤ ደረጃ እንዳይወጡ። ባቡሩ ውስጥ ሲነጋጋ ይበርዳል፤ ጋቢያቸውን እንዳይረሱ። ካውያውን ተዪው።" ሚርያም ሳቀች፤ እንባዋ ግን ዓይኗ ላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ያመጣችው ጉዳይ ካለቀ በኋላም ተቀመጠች። እንዲህ ያለ እንግዳ ለዘመናይ አዲስ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያም እነሚርያም አልፎ አልፎ፣ መንገድ ሳያስቡ፣ እንዲሁ የሚመጡ ሆኑ። አልፎ አልፎ ነው እንጂ ብዙ አይደለም።

በሚቀጥለው ነሐሴ ዘመናይ ለማንም ሳትነግር ከሴቶቹ ክፍል አንድ አልጋ ያዘች። ስትገባ ሦስት የአገሩ ሴቶች ቀድመዋታል። አንደኛዋ ሕፃን ታጠባለች። ሌላዋ እንቅልፍ ይዟታል። ሦስተኛዋ፣ ወፍራምና ተጫዋች ሴትዮ፣ ሁለት ጆንያ ድንች የት እንደምታስገባ ግራ ገብቷት ቆማለች። የዘመናይን ዕቃ አየችና ደስ አላት። "ያለሽ ይኼ ብቻ ነው?" ብላ ድንቹን በዘመናይ አልጋ ሥር ገፋችው።

ባቡሩ ከከተማ ሲወጣ ሴትዮዋ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ለዘመናይ ዘረጋችላት።

"ሞምባሳ ማን ይጠብቅሻል?"

"ማንም" አለች ዘመናይ።

"ፖሌ" አለች ሴትዮዋ። የአገሩ ሰው ለሐዘንም፣ ለድካምም፣ እንቅፋት ለመታውም የሚለው ቃል ነው፤ አይዞሽ እንደማለት ያለ። ዘመናይ በየቀኑ ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው፤ ለእሷ ግን እንዲህ ዓይን ዓይኗን እያየ ያላት ሰው ትዝ አይላትም። "አሳንቴ" ብላ አመስግና ብርቱካኑን ተቀበለች። ጣፋጭ ነበር። ውጭው ጨልሞ ስለነበር በመስኮቱ የሚታየው የራሳቸው መልክ ብቻ ነው። አራት ሴቶች፣ አንድ ሕፃን፣ ብዙ ድንች።