የአክስቴ የእታገኝ አረቄ

ባለፈው ወር ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ጅማ ስንወርድ፣ መንገዳችን ላይ ያለ አንድ የውስኪ ፋብሪካ ጎብኚ ያስገባል ሲባል ሰምተን ጎራ አልን። አስጎብኚው ጎረምሳ የሚያብረቀርቁትን ጋኖች እያሳየ፣ የመጠጡን ጥንካሬ የሚለካ የመስታወት ዘንግ አወጣልን። እኔን ግን የያዘኝ ሽታው ነበር። የፈላ ድፍድፍ ሽታ! አፍንጫዬ ባሌንና ልጆቼን እዚያው ጥሎ አክስቴ አገር ደዶ ገባ።

«ክብሪት አለህ?» አልኩት ሳላስበው።

«ኧረ እትዬ፣ እዚህ እሳት ክልክል ነው!» ብሎ ደነገጠ። ምን ያድርግ፣ ጋሽ ደምሴን አያውቃቸው።

ልጅ ሆኜ፣ ታላቅ እህቴ ልትዳር ጥቂት ሲቀራት፣ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ገባ። የእናቴ ታናሽ እህት እታገኝ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ደዶ ውስጥ አረቄ እያወጣች ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ደግሞ «የእሷ አረቄ ውሃ ነው፤ ለሰርጉ የፋብሪካ መጠጥ ይምጣ» ብለው ድርቅ አሉ። ነገሩ የሰርግ ብቻ አልነበረም። የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ያልቀረበ አረቄ፣ ደዶ ውስጥ ማን ደፍሮ ይገዛዋል? እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ መሀል ገብቶ ተጨነቀ፤ በመጨረሻ «ሄደን እንየው» ተባለ።

የጎረቤታችን የአባ ፈይሰል አሮጌ ላንድሮቨር ተለመነ። እኔ ከኋላ ከባዶ ጀሪካኖች ጋር ተጫንኩ። ጋሽ ደምሴ ከፊት ተቀምጠው በመስታወቱ ሪዛቸውን ያበጥራሉ። ያ ሪዝ ከሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሪዝ ነበር! ዝናብ የጠገበው ዳገት ላይ ስንወጣ የቡና አበባ በመስኮቱ እየገባ ያውደን ነበር።

እታገኝ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ሥራ ላይ ደረስንባት። ድፍድፉ እንስራ ውስጥ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ በሸንበቆ አልፎ ገንዳ ውስጥ ወደተነከረው ማሰሮ ይወርዳል። የገንዳው ውሃ ከሞቀ አረቄው ተንኖ ይቀራል። ስለዚህ ገና ሰላም ሳትለኝ ጣሳ አስጨበጠችኝና «ሩጪ!» አለች። ከምንጩ እስከ ገንዳው ቀሚሴ በስብሶ እስኪጣበቅብኝ ተመላለስኩ። የእህቴ ሰርግ በኔ ጣሳ ላይ የቆመ መስሎኝ ነበር።

አረቄው ወጥቶ ሲያበቃ አባቴ መለኪያ አነሳ። ጋሽ ደምሴ ግን «ዘመድ ቀምሶ አይፈርድም» ብለው ከለከሉት። ያኔ የሁላችንም ዓይን መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው አባ ፈይሰል ላይ አረፈ።

«ወላሂ እኔ አልቀምስም» አለ እየሳቀ። «ክብሪት መጫር ግን ማን ከለከለኝ?»

በደዶ ደንብ ጥሩ አረቄ ይነዳል፤ ውሃ የበዛበት ክብሪቱን ያጠፋል። እታገኝ ትንሽ ሳህን ላይ ቀድታ ግቢው መሀል ድንጋይ ላይ አኖረችው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አባ ፈይሰል ክብሪቱን ጭሮ አስጠጋ። ምንም አልታየም።

«አላልኳችሁም? ውሃ!» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ለማሽተትም ጎንበስ አሉ። እታገኝ «ጋሼ፣ ይተዉ—» ብላ ሳትጨርስ ያረረ ጠጉር ሸተተ።

«ኢቢዳ! ኢቢዳ!» ብሎ ጮኸ አባ ፈይሰል። «እሳት ነው ጋሼ!»

የሪዛቸው ግማሽ የለም። እታገኝ ነጠላዋን ዘርግታ ሳህኑን ስታጠላው፣ ሰማያዊው ነበልባል ተረጋግቶ ሲነድ ሁላችንም አየነው። በጠራራ ፀሐይ የአረቄ እሳት እንደማይታይ እሷ ታውቅ ነበር፤ የሳቸው አፍንጫ ነው የቀደማት።

«ጋሼ፣ ውሃ ነው እንዴ ያቃጠለዎት?» አለች በትሕትና።

አባቴ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔማ ጣሳዬን ከፍ አድርጌ እልል አልኩ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሪዝ ሲሆን ግን ወዲያው ይታወቃል። በሰርጉ ዕለት ጋሽ ደምሴ ሪዛቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው መጡ፤ የእታገኝን አረቄ ለእንግዳው ሁሉ እየዞሩ የቀዱትም ራሳቸው ናቸው። «ጠንቀቅ እያላችሁ» ይሉ ነበር፣ «የኛ የእታገኝ ነው።» ከዚያ በኋላ ደዶ ውስጥ ያለሷ አረቄ ሰርግ አልተደገሰም።

ዛሬ ሰርግ ላይ የሚታየው የጠርሙሱ ጽሑፍ ነው፤ ክብሪት የሚጭር የለም። እኔ ግን ከፋብሪካው አንድ ውስኪ ይዤ ደዶ ወጣሁ። እታገኝ አርጅታለች። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና ሳህን አስመጣች፤ ጥቂት ቀድታ ጥላ ሥር አኖረችው፤ ጫረችም። ልጆቼ ትንፋሻቸውን ይዘው ከበቧት። ሰማያዊ እሳት ብልጭ ብሎ ለአፍታ ነደደና ጠፋ።

እታገኝ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ደህና ነው» አለች። «ሪዝ ግን አያቃጥልም።»