የእናቴ ተራ

ከቆሼ ገበያ የመጣ የበርበሬ ጆንያ ስፈታ ሽታው ጉሮሮዬን ይይዘኝና የከተማችን ምክር ቤት አዳራሽ ትዝ ይለኛል። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በርበሬ የምትሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ፣ መንገድ ዳር ካሉት ሌሎች ሱቆች ጋር ትፍረስ አትፍረስ የሚወሰንበት ቀን ነበር። ከሱቋ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

ከኋላ ተቀመጥን። ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ስለሚል ከፊታችን ያሉት ሰዎች ያስነጥሳሉ። አማርኛ ብዙም ስለማትችል የምትናገረውን ስታጠና ነው የሰነበተችው።

«ሰው የሚናገረው እጅ አውጥቶ ነው አሉ» አለችኝ በጉራጊኛ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሱቆቹ ይፍረሱ የምትሉ አባላት፣ እጃችሁን አውጡ» አሉ።

እናቴ ከሁሉም ቀድማ አወጣች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ባለሱቋም ደግፋለች!» አለ አንዱ። አፍሬ ነጠላዋን ጎተትኩ።

«ተይኝ፣ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው» አለችኝ።

የሌሎቹ እጅ ወረደ። ሰብሳቢው ወደ ቆሻሻ አወጋገድ ጉዳይ አለፉ። የእናቴ እጅ ግን እንደተሰቀለ ቀረ።

ዛሬ በርበሬውን የምሸጠው መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፌ ነው። የሚያስነሱን ሰዎች ሲመጡ እጄን አላወጣም። ጆንያዬን ታቅፌ እሮጣለሁ።